ሽማግሌዎቹ መክረው ሳይጨርሱ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሴት ልጁን አስከትሎ መጣና፣ «እማዬ፣ እስቲ አንቺ ምከሪያት፤ ጅጅጋ ሥራ አገኘሁ ብላ ልትሄድ ነው» አለኝ። ልጅቷ ስልኳን አስጠጋችልኝ። «እማማ፣ እዪው፣ ከቦሌ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ምናምን ነው።»

ሳቄ መጣ። ስልኩ ሰማዩን ይለካ እንጂ ዘመድን የት ያውቃል!

እኔም በወጣትነቴ ድሬዳዋ ለፋብሪካ ላብራቶሪ ሥራ ፈተና ተጠርቼ ነበር። ጥሪው የደረሰኝ ፈተናው ሊደርስ ሲል ነው። ያኔ ከቤታችን ከናዝሬት ድሬዳዋ በአውቶቡስ ማለት ጎህ ሲቀድ ተነስቶ፣ የመተሐራን አቧራና የአዋሽን ንዳድ ጠጥቶ፣ ከቀናም ሲመሽ መድረስ ነው። መንገድ ላይ ቢበላሽስ? የጆሮ ጌጤን ሸጥኩና ከአዲስ አበባ የሚነሳ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጥኩ። «ድሬዳዋ ለመሄድ ወደ አዲስ አበባ? ወደ ኋላ?» ብሎ ያልሳቀብኝ የለም።

አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤታችን አዛዥ ወንድሙ ጋሼ ታደሰ ነበሩ፤ የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ። የምበርበት ቀን በጠዋቱ ሽማግሌ ሰብስበው ግቢያችን ከች አሉ።

«ሴት ልጅ ብቻዋን ሰማይ ላይ ምን ትሠራለች? በሚቀጥለው ሳምንት እኔው ራሴ እወስዳታለሁ!»

«ጋሼ፣ ፈተናው እኮ ነገ ነው!»

«ይቅራ!»

ሽማግሌ የተቀመጠበት ነገር ደግሞ አይቸኩልም። አንዱ የአባቴን ደግነት አነሱ፣ ሌላው ሐረር ሄዳ ስለቀረች የአክስታቸው ልጅ ጀመሩ፤ ጠላው ተቀዳ፣ ቆሎው ዞረ። እኔ ፀሐይዋን አያለሁ። በመጨረሻ ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ፣ «ልጄ፣ ሰማይ ላይ ስንት ሰዓት ነው የምትቆዪው?» አሉኝ።

«አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ኦቦ።»

«ታዲያ እኛ ከተቀመጥን ወዲህ እኮ ሄደሽ ትመለሺ ነበር!»

ሁሉም ሳቁ። ጋሼ ብቻ ፊታቸውን አጠቆሩ።

ደሜ ፈላ። ሽማግሌ ሳይመርቅ ተነስቶ መውጣት ነውር መሆኑ አልጠፋኝም። ቦርሳዬን አነሳሁ። «እናንተ ምከሩ፤ እኔ ልሂድ።»

«ያለ ምርቃት ከወጣሽ ይህን ደጃፍ እንዳትረግጪ!» አሉ ጋሼ።

«ደጃፉ የእናቴ ነው!» አልኳቸው። እናቴ ተነስታ ሄዳ የግቢውን በር ከፈተችልኝ።

መናኸሪያ በሩጫ ደረስኩ። እስከ ደብረ ዘይት ድረስ አለቀስኩ፣ ከዚያ ወዲያ ግን እልህ ያዘኝ። በረራው እንደሆነ ገና ተደላድዬ ሳልቀመጥ አለቀ። ፈተናውን አለፍኩ፤ ጡረታ እስክወጣም እዚያው ሠራሁ። ጋሼ እስኪሞቱ ድረስ «ያልተመረቀችው» ይሉኝ ነበር፤ እኔም «አቤት!» እያልኩ ኖርኩ። ምርቃትን መያዣ የሚያደርግ ሽማግሌ ዛሬም ያናድደኛል።

ይኸው አሁን ደግሞ ልጄ እኔኑ ሽማግሌ አድርጎኝ አረፈ! ልጅቷን ጠራሁና እጄን አናቷ ላይ ጫንኩ። «ሂጂ ልጄ። መንገድሽን ያቅናው፤ የሄድሽበት ይቅናሽ።»

«እማዬ!» አለ ልጄ ደንግጦ፣ «ገና እኮ አልተነጋገርንም!»

«ለዚያ እኮ ነው የቸኮልኩት» አልኩት።