በአጥር ላይ የምትመጣ ዶሮ

«ታዲያ ምንድን ነህ?» የሚለውን ጥያቄ በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅሁ አላውቅም። ከጠየቁኝ ሰዎች አብዛኞቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ ጨንቋቸው ነው። እኔም መልሱ ጠፍቶኝ ሳይሆን መመለሱ ታክቶኝ ብዙውን ጊዜ ዝም ብዬ አልፍ ነበር። አሁን አርጅቼ ነገሩን ሳስበው፣ ጥያቄው ከልቤ የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የጠየቁኝ ሴት ዶሮ ታቅፈው ነበር።

የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው መንገድ ሜዳውን በሚነካበት በኩል እኖር ነበር። ሥራዬ እንጨት መሸጫ ግቢ ውስጥ ነው። ባሕር ዛፉ ከተራራው ተቆርጦ በአህያና በሰው ጀርባ ይመጣል፤ እኔ እለየዋለሁ። ይሄ ቋሚ፣ ይሄ ወራጅ፣ ይሄ ማገር፣ የተረፈው ማገዶ። ቀኑን ሙሉ ለእንጨት ስም ሳወጣ እውል ነበር ማለት ይቻላል። አልፎ አልፎ ለማገር የወፈረ፣ ለወራጅ የቀጠነ እንጨት ይመጣል። የግቢው ባለቤት እንዲህ ያለውን እንጨት ሲያዩ ይናደዳሉ፤ እኔ ግን ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አዝንለት ነበር።

ከእኔ ቤት ጋር በአንድ አጥር የሚለያዩ ባልቴት ነበሩ። እማማ ነበር የምላቸው። ወላጆቻቸው ካራ በኩል ገበሬዎች ነበሩ፤ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀያየሩ ያወራሉ፤ ሲቆጥሩና ሲያዝኑ ግን በኦሮምኛ ብቻ ነው። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ የእኔ እኩያና የልብ ጓደኛዬ። ወታደር ሆነና ኮርያ ዘመተ። ሊሄድ ሰሞን እንደ ዋዛ፣ «የእናቴን ዶሮ ነገር አደራ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም። እንደሄደ ቀረ።

አደራው ቀላል ይመስላል። በእኛ ዘንድ ሴት ቢላዋ ይዛ አታርድም፤ ዶሮም ቢሆን። ስለዚህ ወንድ የሌለበት ቤት የበዓል ዋዜማ ሲመጣ ጭንቅ ነው። ሴቶቹ ዶሮዋን አንጠልጥለው ደጅ ላይ ይቆሙና የሚያልፈውን ወንድ ሁሉ «እረድልኝ» እያሉ ይለምናሉ። ጓደኛዬ እናቱ እንደዚያ ደጅ ላይ እንዲቆሙ አልፈለገም። ከሄደ ወዲህ በየፋሲካው፣ በየገናውና በየእንቁጣጣሹ ዋዜማ እግሯ የታሰረ ዶሮ በአጥሩ ላይ ትመጣልኛለች። ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ፣ በስመ አብ ብዬ፣ አርጄ በመጣችበት እመልሳታለሁ። ቃሉ ያልተባለበት ሥጋ የክርስቲያን ሥጋ አይደለም፣ ጾምም አይፈታበትም። ይህን የማያውቅ የለም።

እምነቴ እንዴት እንደሄደ ለሚጠይቀኝ የሚያረካ ታሪክ የለኝም። የጓደኛዬ መርዶ የመጣ ሰሞን ደብሩ ሄጄ ቆምሁ። ቅዳሴው አለቀ፣ ሰው ተበተነ፣ እኔ ግን አንድም ነገር እንዳልሰማሁ ገባኝ። በሚቀጥለው እሑድም እንደዚያው ሆነ። አልተቆጣሁም፣ ከማንም አልተጣላሁም። ጉንፋን የሚለቅ ያህል ነው፤ አንድ ቀን ጠዋት ትነሣለህ፣ የለም። ይህን ስል የሚቀየመኝ ሰው አለ፤ ሌላ ምሳሌ ግን አላገኘሁለትም። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያውቅብኝ ዓመታት ኖርሁ። ዶሮዋንም ቃሉን እያልሁ አርድ ነበር።

አንድ ሁዳዴ ላይ የነፍስ አባቴ እንደ ልማዳቸው ቤቴ መጡ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ዳገቱን በምርኩዝ ነው የሚወጡት። ለምን ንስሐ እንደማልገባ ጠየቁኝ። ምክንያት መፍጠር አያቅተኝም፤ ስፈጥር ነው የኖርሁት። የዚያን ቀን ግን ከእንጨቱ ጋር ስታገል ውዬ አጥንቴ ድረስ ደክሞኝ ነበርና፣ «አባ፣ ለእኔ ሲሉ ዳገት አይውጡ። እኔ አላምንም» አልኋቸው።

ካቶሊክ ሆኜ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይደለም አልሁ። ፕሮቴስታንቶቹን ያኔ ጸረ ማርያም ነበር የምንላቸው፤ እነሱ ዘንድ ገብቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይደለም። ሰልሜ እንደሆነም ጠየቁኝ። አይደለም። በእያንዳንዱ «አይደለም» ፊታቸው ፈታ ይልና ወዲያው የባሰ ይጨንቃቸዋል። ወደ ሌላ የሄደን ሰው መልሰው ያውቃሉ፤ የትም ያልሄደውን ግን ከየት ይመልሱት? ቤቱን ባርከው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። አሳዘኑኝ።

ወሬው ከየት እንደወጣ አላውቅም፤ በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። አረመኔ ያለኝ አለ። የለም የለም እያልኋቸው ጸረ ማርያም ብለው የጸኑብኝም ነበሩ። በትሕትና የሚናገሩት ሃይማኖት የለሽ ይሉኛል፤ ያቺ ቃልም ብትሆን ትገርመኛለች። በቅሎ የሌለውን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኙት «በቅሎ የለሹ መጣ» አይሉትም። ከሁሉ የከነከነኝ ከሃዲ የምትለዋ ነበረች። ማንን ነው የካድሁት እያልሁ ሥራ ላይ ሆኜ እንኳ ከራሴ ጋር እከራከር ነበር። የግቢው ባለቤት ገበያ ሲደራላቸው ፈላስፋው ይሉኛል፣ ሲቀዘቅዝባቸው ደግሞ ገበያው በእኔ ኃጢአት እንደቆመ ያወራሉ። ማዕዘኑ ላይ ያለው ባለሱቅ ሙስሊም ነው፤ ወደ እነሱ ልመጣ ነው መባሉን እንደሰማ ነገረኝና፣ ብመጣም ስኳሩን እንደማይቀንስልኝ አስጠነቀቀኝ። በዚያ ሰሞን ያሳቀኝ እሱ ብቻ ነው።

የባሰብኝ ግን የደገፈኝ ሰው ነበር። ከእኔ ቤት ዝቅ ብሎ ክፍል የተከራየ የኮሌጅ ተማሪ ወሬውን ሰምቶ መጣና እጄን ጨብጦ አልለቅ አለኝ። ጋሼ፣ አንተ እኮ ኤቲስት ነህ አለኝ፣ ሹመት እንደሚያበስር ሰው። እኔ እንጨት ለዪ ነኝ ብለው አልሰማኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቹ ተሰብስበው ይከራከራሉ፤ እንድመጣ ለመነኝ። አንድ ጊዜ ሄድሁ። ቅዳሴ ከሚፈጀው ጊዜ የበለጠ ስለ ሃይማኖት አወሩ፣ ወንበሩም ይቆረቁር ነበር። አስተያየቴን ሲጠይቁኝ አስተያየት የለኝም አልሁ። ሳልመለስ ስቀር ልጁ ቅር አለውና ወላዋይ አለኝ። እሷንም ከሌሎቹ ስሞቼ ጋር ተቀበልኋት።

እሑድ ጠዋት ሰው ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ደብሩ ሲሄድ እኔ ወደ እንጦጦ መውጣት አመጣሁ። ለጸሎት እንዳይመስላችሁ፣ ከሰው ዓይን ለመራቅ ነው። አንድ ቀን ዛፎቹ መሃል እንጨት የተሸከመች ሴት ቁጭ ብላ አገኘሁ። ለማረፍ ተቀምጣ መነሣት አቅቷት ነበር። ሸክሙን ከኋላዋ ደግፌ አነሣኋት፤ መቀነቷን አጥብቃ መርቃኝ ወረደች። ማን እንደሆንሁ አልጠየቀችኝም። ከእሷ ጋር የቆየሁባት ያቺ ጊዜ የዚያን ጾም ሙሉ ዕረፍቴ ነበረች።

ስሞቹን ሁሉ እችላቸው ነበር። እንቅልፍ የነሣኝ የፋሲካ መቅረብ ነው። እማማ ወሬውን እንደሰሙ አውቃለሁ። ሰላምታቸው አልጎደለም፤ ግን አጥሩ ጋ ሲደርሱ አንድ ነገር ሊሉኝ ይጀምሩና ይተዉታል። ያን ሁሉ ሁዳዴ ጾመው በእኔ እጅ በታረደች ዶሮ ሊፈቱ ነው። ለእኔ ካልሰጡኝ ደግሞ ደጅ ላይ ሊቆሙ ነው፤ ልጃቸው እንዳይሆን አደራ ያለኝ ይህንኑ ነው። ያኔ ከሃዲ የምትለዋ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ልትሆንልኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

የስቅለት ማግስት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቢላዋዬን ስዬ አጥሩ ሥር ተቀመጥሁ። ከወዲያ በኩል ዶሮዋ ስታስካካ ይሰማኛል፤ ግን አትመጣም። ብዙ ከቆየ በኋላ እማማ ታቅፈዋት በአጥሩ ክፍተት ብቅ አሉ። አልሰጡኝም፣ አልሄዱምም።

«ልጄ፣ ሰው ብዙ ይላል» አሉኝ። «አንተ ምንድን ነህ?»

የተማሪው ቃልም፣ የባለሱቁ ቀልድም፣ ዝምታዬም ለእሳቸው አይሆንም። «ምንም አልሆንሁም፣ እማማ» አልኋቸው። «የድሮው ሰው ነኝ። ማመኑ ብቻ ነው የቀረው።»

ይህ ብዙም አላስደነገጣቸውም። የዶሮዋን ላባ በጣታቸው እያስተካከሉ፣ «ከመቼ ጀምሮ?» አሉኝ።

የጥያቄው ክብደት ወዲያው ገባኝ። እሳቸው የእኔን ነፍስ አይደለም፣ እስከዛሬ የበሏቸውን ዶሮዎች ነው የሚያስቡት። ከዚህ ጾም ወዲህ ነው ብላቸው ያለፈው ሁሉ ይድን ነበር። እንደዚያ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ቀና ስል ግን ያየሁት ፊት የጓደኛዬ ፊት ነው፤ ልጁ ቁርጥ እናቱን ነበር። መዋሸት አቃተኝ።

«እሱ ከቀረ ጀምሮ» አልኋቸው።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ጣታቸውን እያጠፉ በኦሮምኛ መቁጠር ጀመሩ፤ ፋሲካውን፣ ገናውን፣ እንቁጣጣሹን። መሃል ላይ ጠፋባቸውና ተዉት። ቤቴ ገብቼ በሬን መዝጋት አማረኝ፤ ግን ከተቀመጥሁበት መነሣት አቃተኝ።

«ታዲያ ቃሉን ለምን ትል ነበር?»

«ለእርስዎ ነዋ።»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሱም። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ዶሮዋን በአጥሩ ላይ አሳለፉልኝ።

«ዛሬ ቃሉን እኔ እላለሁ» አሉኝ። «አንተ ቢላዋውን ያዝ።»

አባ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ጠየቅኋቸው። አባን እንደማይጠይቋቸው ነገሩኝ፤ ቢጠይቋቸው መከልከላቸው አይቀርም፣ ካልጠየቋቸው ግን ሁላቸውም ያርፋሉ። ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዞርሁ። እሳቸው ከአጥሩ ወዲያ ሆነው በስመ አብ አሉ፣ ቀስ ብለው፣ አንዲት ቃል ሳያስቀሩ። አሜን ሲሉ ቆረጥሁ።

ከዚያ ወዲህ እስኪሞቱ ድረስ በየበዓሉ እንዲሁ አደረግን። አንድ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን አብራቸው የመጣች ሴት፣ እኔ አጥሩ ሥር መኖሬን ሳታውቅ፣ ያን ሰውዬ እንዴት እንደሚያስጠጉት ጠየቀቻቸው። ለመሆኑ ምንድን ነው አለቻቸው። እማማ፣ «ዶሮዬን የሚያርድልኝ ነው» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ። ከወጡልኝ ስሞች ሁሉ ያልከበደችኝ ያቺ ብቻ ናት። እውነት ነበረች፤ የተጨመረባትም የተቀነሰባትም ነገር የለም።

ሲሞቱ የለቅሶ ድንኳኑን ቋሚ እኔው መርጬ አመጣሁ። ቀብሩ ላይ ግባ ያለኝም ውጣ ያለኝም አልነበረም።

ቤታቸውን አንዲት ወጣት ሴት ተከራየችው። ባሏ ካሚዮን ነጂ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። በመጀመሪያው የፋሲካ ዋዜማ፣ ከልማድ የተነሣ ይመስለኛል፣ ቢላዋዬን ስዬ አጥሩ ሥር ተቀምጫለሁ። ድምጿን ሰማሁ። ባሏ እንዳልደረሰላት ነግራኝ፣ «ጋሼ፣ ዶሮ ያርዱልኛል?» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ለራሴም ገረመኝ። እጄን ዘረጋሁ። ዶሮዋን በአጥሩ ላይ አጋምሳ እያሳለፈች፣ ያለምንም ክፋት፣ «ክርስቲያን ነዎት አይደል?» አለችኝ።

አዎ ብላት ያልቅ ነበር።

«ቃሉን አንቺ በዪ፣ ቢላዋውን እኔ እይዛለሁ» አልኋት።

የቀለድሁ መስሏት ሳቀች። እኔ እንዳልሳቅሁ ስታይ ሳቋ ቆመ። ዶሮዋን መልሳ አቀፈቻትና በትሕትና ይቅርታ ብላኝ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ የደጃፏ በር ሲከፈት ሰማሁ። «እባክህ ወንድሜ፣ እረድልኝ» እያለች የሚያልፈውን ስትለምን ድምጿ እኔ ድረስ ይመጣ ነበር። ቢላዋውን ጠርጌ ቦታው ላይ ሰቀልሁት።