ከነወንበሩ

እህቴ የምትሠራው ፎቶ ቤት ነው፤ ሆሳዕና፣ መናኸሪያው አጠገብ። ሥራዋ ጉርድ ፎቶ፣ ምርቃትና ሰርግ ነው። እኔ ደግሞ የምወደው ተራራ፣ ደመናና አሮጌ ቤት ነው። በተለይ አሮጌ ቤት። ሰፊ፣ ክብ፣ ሳር ክዳኑ ወደ ታች የወረደ፣ ግድግዳው ላይ በቀይ አፈርና በኖራ የተሳለበት ቤት በመኪና መስኮት ሳይ መቀመጥ ያቅተኛል። ችግሩ መኪናው አይቆምልኝም። ስልኬ ውስጥ ያሉት ፎቶዎች ግማሻቸው የመስኮት ጠርዝ፣ ግማሻቸው የተሳፋሪ ትከሻ ናቸው፤ መሃል ላይ ሳር የሚመስል ነገር አለ። እኔ ቤት ነው እላለሁ፣ እህቴ ድርቆሽ ነው ትላለች።

ሚያዝያ ላይ ዳምቦያ የሰርግ ሥራ ስታገኝ «እኔም እሄዳለሁ» አልኳት።

«ምን ልትሠሪ?»

«ረዳትሽ ነኛ።»

«አንቺ ቀዥቃዣ! ረዳት እኮ የሚቆም ሰው ነው። ባለፈው መብራት ያዢ ብዬሽ፣ ሙሽራዋን ጨለማ ውስጥ ትተሽ ወፍ ስታባርሪ አልነበር?»

ሳባርር ሳይሆን ስከታተል ነበር፣ ግን አልተከራከርኩም። በስንት ልመና ተስማማን። ጠዋት ሻንጣ እሸከማለሁ፤ ሙሽሮቹ ቤተ ክርስቲያን ከገቡ በኋላ ደግሞ አሮጌውን ካሜራ ይዤ መውጣት እችላለሁ። መዝሙሩና ስብከቱ ቶሎ እንደማያልቅ ሁለታችንም እናውቃለን፣ ያደግንበት ነው። አንድ የጠራ የአሮጌ ቤት ፎቶ ካመጣሁ ካሜራው ሌላ ጊዜም ይሰጠኛል። ካላመጣሁ በቃ፣ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ይቆለፍበታል።

መንገዱን ሙሉ መረጋጋት አቃተኝ። ደመናው ሐምበሪቾ ተራራ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ፀሐይ አንዱን ማሳ ታበራና ትተወዋለች። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ልጄ፣ ሽንትሽ መጥቶ ነው?» አሉኝ። እህቴ እስከ ዳምቦያ ሳቀች።

ሙሽሮቹ ገቡ፣ መዝሙሩ ተጀመረ፣ እኔ ወጣሁ። ከከተማው ጫፍ አስፋልቱን ይዤ ትንሽ እንደሄድኩ አየሁት። ያን የመሰለ ቤት ቆሜ አይቼ አላውቅም። ከፊቱ አጭር ሳር ያለው ሜዳ፣ ከኋላው እንሰት፤ ግድግዳው ላይ ቀይና ነጭ ሦስት ማዕዘኖች ተያይዘው ይዞራሉ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ አንበሳ ይሁን ላም ያልለየሁት እንስሳ አለ። ደጁ ላይ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው ብላ እህቴ አስተምራኛለች፤ ስለዚህ ሄጄ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ?»

«ቤትዎን ላነሳው ፈልጌ ነበር።»

ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝ። እሳቸው የሚናገሩት ከምባትኛ፣ እኔ ሀዲይኛ፤ መሃላችን ያለው አማርኛ ነው፣ እሱም የሁለታችንም የትምህርት ቤትና የገበያ አማርኛ። ያልሰሙኝ መስሎኝ ጮክ አልኩ።

«ቤትዎን! ላነሳው ነው የመጣሁት!»

«አንቺ?»

«አዎ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን ነኝ። እህቴ ሰርግ ላይ ናት። እሷ ሰው ነው የምታነሳው።»

«ሰው ታነሳለች?»

«ሥራዋ ነው እኮ! በሰርግ ቀን ስንቱን ታነሳዋለች መሰለዎት!»

ገብተው ወንበር ይዘው ወጡ። ደጃፉ መሃል አኖሩትና ቁጭ አሉ፤ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። እኔ በደስታ ልሞት! ለፎቶ የተዘጋጁ መስሎኛል።

«አልነሳም» አሉ።

«ኧረ አይነሱ! እንደተቀመጡ አነሳዎታለሁ።»

«ከነወንበሩ?»

«ከነወንበሩ! ከቤቱ ጋር አንድ ላይ ነው የማነሳዎት፣ እንዲያውም ያምራል።»

ወደ ጓሮ ዞረው በከምባትኛ ተጣሩ። ባለቤታቸው ከእንሰቱ መሃል ብቅ አሉ፣ እጃቸው ጭቃ ነው፣ ቢላዋ ይዘዋል። መጥተው ወንበሩ አጠገብ ቆሙ። አማርኛ እንደማይችሉ ስለገባኝ በሀዲይኛ ልሞክር አልኩ። ቤት የሚለው ቃል በሁለቱ ቋንቋዎች ተቀራራቢ ስለሆነ እሱን ሰሙ፤ የቀረውን አልሰሙም። ፊታቸው ባሰበት።

ፀሐይዋ በዚህ መሃል ወጣች። ግድግዳው ቦግ አለ። ቀዩ አሁን የተቀባ መሰለ። እኔ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እላለሁ።

«አባባ፣ ቶሎ ይበሉኝ፤ ብርሃኑ እየሄደብኝ ነው!»

«ዛሬውኑ ነው?»

«ዛሬ ካልሆነማ መቼ? እህቴ ስትጨርስ እንሄዳለን።»

«ሜትርሽስ?»

«የምን ሜትር?»

«እነዚያ ሜትር ይዘው ነው የመጡት፤ መንገድ ሊያሰፉ።» በዱላቸው ጎናቸውን አሳዩኝ። እንሰት አለ፣ አጥር አለ፣ ከአጥሩ የሚገባ የተረገጠ መንገድ አለ፤ መንገዱ የሚደርስበት ቤት ግን የለም። «ጎረቤታችን ናት። ለኩና ‹ትነሻለሽ› አሏት። ተነሳች።»

ያኔ ገባኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ ነው የገባኝ። እኛ ፎቶ ቤት ውስጥ «ፎቶ» የሚለውን ቃል ማንም አይጨምርም። ደንበኛው «አንሺኝ» ይላል፣ እህቴ «ማን ልትነሳ ነው?» ትላለች፣ በቃ። ቀበሌም ሰው ሲነሳ፣ ቤት ሲነሳ፣ ቃሉ ያው ነው። የልማት ተነሺ ሲባል በቴሌቪዥን ስንቴ ሰምቻለሁ! እና ይኸው አንድ ሽማግሌ ደጅ ላይ ሄጄ፣ እየዘለልኩ፣ ከነወንበርዎ አነሳዎታለሁ፣ ያምራል እላቸዋለሁ።

«ፎቶ! ፎቶ ነው፣ አባባ! ፎቶ ላነሳ ነው!» ካሜራውን ከፍ አደረግኩት።

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቁም።

«እነሱም በፎቶ ነው የጀመሩት» አሉ። «መጀመሪያ ፎቶ። ከዚያ ሜትር።»

ካሜራውን ዝቅ አደረግኩት። ቤቱ እንዳይነሳባቸው ነው የተቀመጡት፣ ፎቶ ደግሞ የመነሳት መጀመሪያ ነው፤ ምን ይባላል? ልሂድ አልኩ፣ እግሬ እምቢ አለ። ልቆይ አልኩ፣ አፈርኩ። መጨረሻ ላይ፣ ሌላ የማደርገው ስላጣሁ፣ አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ጠዋት ያነሳኋቸውን አሳየኋቸው። ደመና። ሐምበሪቾ ደመና ለብሶ። የሙሽራዋ ጫማ። አንድ ዋርካና ከሥሩ የተኛ ፍየል።

አንድ በአንድ አዩ።

«ይሄን ምን ትሠሪበታለሽ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«አየዋለሁ። ለሰው አሳያለሁ። ሌላ ምንም አልሠራበትም።»

ለባለቤታቸው በከምባትኛ ነገሯቸው። ሴትዮዋ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ዋርካውን አዩና በቢላዋቸው ጀርባ ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። ከሆሳዕና ድረስ ተሳፍራ መጥታ፣ ፍየል አንስታ፣ ምንም የማትሠራበት ልጅ! ምን እንዳሉ ባላውቅም ስድብ እንደነበረበት እርግጠኛ ነኝ፤ ስድቡ ነው ያዳነኝ።

ሽማግሌው አሰቡ። «ከውጭ አይሆንም» አሉ። «ግቢ። ከውስጥ አንሺ። ከውስጥ ቤቷ የማን እንደሆነች አትታወቅም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ውጭ ቀረ። ያ ግድግዳ፣ ያ ብርሃን! ግን ገባሁ። መጀመሪያ ምንም አላየሁም፤ የጥጃ ትንፋሽና የጭስ ሽታ ብቻ። ከዚያ ቀስ በቀስ ጣሪያው ከጨለማው ወጣ። ከታች ሆነው ሲያዩት ሌላ ቤት ነው። መሃሉ ላይ ወፍራም ምሰሶ፣ ከምሰሶው ራስ ወደ ዙሪያው የሚወርዱ እንጨቶች፣ እነሱን የሚያስተሳስሩ የቀርከሃ ቀለበቶች፣ ሁሉም በጥቀርሻ ጠቁሮ እንደተወለወለ ጫማ የሚያብረቀርቅ። በሩ ብቻ ከውጭ በሚታየው ሳር አረንጓዴ ነው፤ እዚያ ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል፣ ማንም እንዳያልፍ።

የአሮጌው ካሜራ ፍላሽ ተሰብሯል። በጨለማ የሚያነሳው ቀስ ብሎ ነው፤ ሰው ከተነቃነቀ ይደበዝዛል። የመጀመሪያው ደበዘዘ። ሁለተኛውም። እጄን መቆጣጠር አልቻልኩም፤ ስብከቱ ያልቃል፣ እህቴ ትጮሃለች፣ ፀሐይ ትሄዳለች እያልኩ። ሴትዮዋ መጡና ሁለት ትከሻዬን ይዘው ምሰሶው ላይ ለጠፉኝ፣ እንደሚታሰር ጥጃ። አፌን ዘጋሁ። ትንፋሼን ዋጥኩ። ጫንኩት።

ለሽማግሌው አሳየኋቸው። ጥቁር ክብ፣ መሃሉ ላይ ብርሃን፣ ብርሃኑ ውስጥ ወንበርና ሰው።

«እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ተነሳሁ ማለት ነው?»

«ተነሱ።»

«ሳልነሳ!» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ጥርሳቸው ትንሽ ነው፣ ሳቃቸው ብዙ። ከዚያ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ወደ ጎረቤታቸው ባዶ ቦታ አዩ። «በወረቀት አድርጊልኝ። ቶሎ አምጪልኝ።»

እየሮጥኩ ስደርስ ሙሽሮቹ ደረጃው ላይ ናቸው፣ እህቴ በዓይኗ ገደለችኝ። ማታ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ካሜራውን ተቀበለችኝ።

«ቤቱ የታለ?»

«ውስጡ ነን።»

ብዙ አየችው። «አልተንቀጠቀጥሽም» አለች። ከእሷ አፍ ይሄ ምርቃት ነው።

ፎቶው ታጥቧል፣ በትልቁ። ግን የሰርግ ወቅት አለቀና ዳምቦያ የሚያገባ ሰው ጠፋ። ለጉርድ ፎቶ የሚመጣውን ሁሉ «ዳምቦያ የሚያገባ ዘመድ የለህም?» እያልኩ እህቴን አሳፈርኳት። ከዚያ አቅጣጫ የሚመጡ ሹፌሮችን ደግሞ መንገዱ ተጀመረ ወይ እላለሁ። አንዱ ማሽን ገብቷል ይላል። አንዱ ገና ነው ይላል። አንዱ አንቺን ምን አገባሽ ይላል። እናቴ ትምህርት እስኪዘጋ ጠብቂ ስትለኝ ሰነበተች፤ ትናንት ማታ ግን እንቅልፌን እያጣሁ እሷንም ስላሳጣኋት መሰለኝ፣ «ሂጂና ተገላገይ» አለችኝ።

ይህን የምጽፈው መናኸሪያው ውስጥ፣ የዳምቦያ ሚኒባስ ላይ ተቀምጬ ነው። ፎቶው በካርቶን ተጠቅልሎ ጉልበቴ ላይ ነው፤ ዝናብ ያረገዘ ደመና እየመጣ ስለሆነ በፌስታልም ደርቤዋለሁ። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። ሁለት ጊዜ ወርጄ አብሬው ተጣራሁ። «ቁጭ በይ፣ አንቺም ከወረድሽ እኮ ሁለት ሰው ሊጎድለኝ ነው!» ብሎ መለሰኝ።