ሐብሐብ ውስጥ የተኛችው ሕፃን

ድንበር አጠገብ ባለችው ሸሕዲ ከተማ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን አንዲት ሴት ትልቅ ሐብሐብ በፌስታል አንጠልጥላ ገባች። ባሏ ጨቅላ ልጃቸውን ታቅፎ ከኋላዋ ቆመ። ስልኳን አውጥታ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። አንዲት ሕፃን ውስጡ በተፈለፈለ ግማሽ ሐብሐብ ላይ እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ ተኝታለች። እውነቴን ነው፣ ሲያዩት የሚያስቀና ሥራ ነው።

«ልክ እንዲህ አርገህ አንሳልን። ምንም እንዳይለወጥ» አለችኝ።

በዚህ ነገር ደግሞ ግትር ነኝ። «እህቴ፣ ከሰው ሥራ ሐሳብ መውሰድ ያለ ነው። እንዳለ መቅዳት ግን ነውር ነው። ለምን ሰሊጥ ነዶ ላይ አላስተኛውም?»

«ሰሊጡን ምን ላርገው? እኔ ሐብሐቡን ነው የምፈልግ።»

«ያነሳው ሰው እኮ ለፍቶበታል» አልኳትና ያግዘኛል ብዬ ወደ ባልየው ዞርኩ። «አንተስ ወንድሜ፣ የለፋህበትን ሌላ ሰው ቢወስድብህ ምን ይሰማሃል?»

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሳቁን ዋጠ። ሚስቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችውና «ንገረው እንጂ» አለችው።

«ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለኝ። «ልጅቷም የዚህ ሕፃን ታላቅ እህት ናት። ካርቱም ፎቶ ቤት ነበረኝ። ጦርነቱን ሸሽተን ስንወጣ ካሜራዬ እዚያው ቀረ።»

ከዚያ ሕፃኑን ቀስ አድርጎ ክንዴ ላይ አስተኛልኝና፣

«ፈቅጄልሃለሁ፤ ቅዳው» አለኝ።