ጋሼ ተፈራ ያልቆረጡት እንጨት

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። እሳቸው ፊት ተንበርክኬ ስንቱን ስዘረዝር፣ በጾም የቀመስኳትን ቅቤ ሳይቀር ስናዘዝ፣ እዚህ ጋ ስደርስ ዘልዬ አልፋለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። እንግዲህ ንስሐዬ ላይም ዋሽቻለሁ ማለት ነው። አንባቢዬ፣ አንተ አታውቀኝም፣ እኔም አላውቅህም፤ የደፈርኩት ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

ካናዳ ውስጥ፣ ከካልጋሪ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ቸስተርሚር የምትባለውን ትንሽ ከተማ አልፎ፣ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ አሮጌ ቤት ገዝተን ነበር። ከቤቱ ጀርባ ትንሽ የቆርቆሮ ጎጆ የሚመስል፣ ጭስ ማውጫ ያለው፣ ፈርነስ የሚሉት የብረት ምድጃ አለ። እንጨት ይበላል፤ በዙሪያው ያለውን ውሃ ያግላል፤ ውሃው በመሬት ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ቤት ድረስ መጥቶ ክፍሎቹን ያሞቃል። ጠዋትና ማታ መመገብ አለበት። ካልጋሪ ውስጥ ኤሪን ውድስ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ ጓደኞቼ «ባላባቱ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር፤ እኔም በልቤ ደስ ይለኝ ነበር። ሚስቴ ሰላም ግን ቤቱን ከመጀመሪያውም አልወደደችውም። «ሰው በጋዝ ቤቱን ሲያሞቅ እኛ እንጨት ፈላጭ ልንሆን ነው?» አለች። እኔ ግትር ነኝ፤ ገዛሁት። ከዚያ በኋላ በዚያ ፈርነስ የመጣ ጣጣ ሁሉ የእኔ ሽንፈት ነበር።

በሁለተኛው ክረምት አባቷ ጋሼ ተፈራ ከደሴ መጡ። ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ችሎት ላይ የተቀመጡ ሰው እዚህ መጥተው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። መኪና አይነዱ፣ ሰፈር ውስጥ ወጣ ብለው የሚያወሩት ሰው የለ፣ እኛ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ። ብዙም ሳይቆዩ ፈርነሱን እሳቸው ያዙት። ጓንቴን ያጠልቃሉ፣ የሱፍ ኮፍያቸውን እስከ ጆሯቸው ይስባሉ፣ በረዶውን እየረገጡ ወጥተው እንጨት ይጨምራሉ፣ አመዱን ይጠርጋሉ። ከሥራ ስመለስ በር ላይ ይጠብቁኝና «ዛሬስ ቤቱን እንዴት አገኘኸው?» ይሉኛል። ሞቋል እንድላቸው ነው። «እሳት ነው እንጂ ጋሼ!» ስላቸው እንደ ልጅ ደስ ይላቸዋል። በዚህ አገር የነበራቸው ሥራ ያ ብቻ ነበር፤ ይህን ልብ በልልኝ።

ግቢው ውስጥ ካለው አሮጌ ጎተራ ኋላ የቀድሞው ባለቤት የከመራቸው የባቡር ሐዲድ እንጨቶች ነበሩ። ከሐዲዱ ሥር የሚነጠፉት፣ እንዳይበሰብሱ ጥቁር ዘይት የጠጡት። ሰውዬው ቤቱን ሲሸጥልኝ «እነዚህን እንዳታነድ፣ ጭሳቸው መርዝ ነው» ብሎኛል። ሰላምም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለምትሠራ በሳንባ ነገር አትቀልድም፤ «እነሱን የነካህ ቀን እንጣላለን» ብላኛለች። ስለዚህ አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም። አውቅ ነበር።

ጥር ላይ ብርዱ ከረረ። በበጋ ፈልጬ ማድረቅ የነበረብኝን እንጨት ዛሬ ነገ እያልኩ ትቼው፣ የቀረን እርጥብ ብቻ ሆነ። ሰላም ሥራ በሄደችበት ጥቁሮቹን በመጋዝ ቆራረጥኩና ጋሼን ወስጄ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አሸተቱት። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሬንጅ ሬንጅ ይላል። ይነዳል እንዴ?» አሉኝ። «ግድ የለም ጋሼ፣ ደረቅ ነው፣ ይጨምሩት» አልኳቸው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ያሳየሁት እኔ ነኝ። ይጨምሩት ያልኩት እኔ ነኝ። ሰላም ስለ ሽታው ስትጠይቀኝም «እርጥብ እንጨት ነው» ያልኳት እኔ ነኝ።

በዚያ ብርድ ጭሱ ወደ ላይ አይወጣም ነበር። ነፋስ የለ፤ ሜዳው ላይ ተኝቶ ቀስ እያለ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሊንዳ ቤት ይሄዳል። ሊንዳ ብቻዋን የምትኖር፣ ሳንባዋ የታመመ፣ ኦክስጅን ከጎኗ የማይለይ አሮጊት ናት። ጥቂት ቀን እንደሰነበትን አምቡላንስ መጥቶ ወሰዳት። ተርፋለች፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ። እኔ ግን በዚያ ጠዋት መትረፏን አላውቅም ነበር፤ ካውንቲ ከሚሉት የወረዳው አስተዳደር የመጣው ሰው በራችን ላይ ሲቆም የመሞቷን ወሬ ያመጣ መሰለኝ።

ሰላም ሥራ ላይ ነበረች። ሰውዬው ፈርነሱን ከፈተና ጥቁሩን እንጨት አየ። «ይህን የሚያነደው ማነው?» አለ። ጋሼ ከጎኔ ቆመዋል፤ ጓንቴ እጃቸው ላይ ነው። ምን አሰብኩ መሰለህ? ስለ ሊንዳ? ስለ ሕጉ? ሰላም «አላልኩህም?» ስትለኝ ነው የታየኝ። እንዲህ ላለች ትንሽ ነገር። «የሚስቴ አባት ናቸው» አልኩ በእንግሊዝኛ። «ሽማግሌ ናቸው፣ ከገጠር ነው የመጡት፣ አያውቁም። እኔ ሥራ ውዬ ሳላይ ነው።» ከገጠር! ሕግ ሲተረጉሙ የኖሩትን ሰው!

ሰውዬው ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ከልብሱ የመንግሥት ሰው መሆኑን አውቀው ኮፍያቸውን አወለቁ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። እንግዳ መቀበላቸው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ተቆጡኝ፤ «ኧረ ሰውዬውን ብርድ ላይ አታቁመው! ግባ በለው እንጂ፣ ሻይ ይጠጣ!»

«ምን አሉ?» አለኝ ሰውዬው።

«በጣም አዝነዋል፤ ይቅርታ ይጠይቁሃል» አልኩት።

ያን ያህል ቀላል ነበር። በመካከላቸው ያለሁት አፍ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ያሻኝን አስባልኳቸው። ሰውዬው ኮፍያ ማውለቃቸውን፣ ጎንበስ ማለታቸውን የጥፋተኛ አድርጎ ወሰደው፤ ራራላቸው። ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ፣ እንዳይደገም አስጠንቅቆኝ፣ ሊንዳም እየተሻላት መሆኑን ነግሮኝ ሄደ። ጋሼ የሚሄደውን መኪና እያዩ «ጨዋ ሰው ነው። ምነው ሳይገባ?» አሉ። «ቸኩሎ ነው» አልኳቸው።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ምናልባት ድንጋጤ ነው ይባልልኝ ነበር። አላቆምኩም። ሰላም ከመመለሷ በፊት ደውዬ ያንኑ ውሸት ነገርኳት። ካፖርቷን ሳታወልቅ ነው አባቷ ላይ የጮኸችው። «አባዬ፣ ምን ነካዎት? ሴትዮዋን ሊገድሏት ነበር እኮ! እንዴት ሳይጠይቁ ያገኙትን ሁሉ ይማግዳሉ?»

ጋሼ አፋቸውን ከፈት አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ አዩ። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ቶሎ አላነሱም፤ ጠበቁኝ። ተከሳሽ እንዲናገር ዕድል መስጠት የኖሩበት ሥራ ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር መፍታት ጀመርኩ። ክሩን ፈትቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ እንደገና ሌላውን። «ልክ ነሽ ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «አጥፍቻለሁ።» ለልጃቸው ትዳር ብለው ይሆን? እኔን ንቀውኝ ይሆን? አልጠየቅኳቸውም። እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው?

ሊንዳ ከሆስፒታል ስትወጣ ሄደው ይቅርታ ካልጠየቁ እንደማይሆን ጋሼ ራሳቸው ናቸው ያሉት። ሰላም አብራቸው ገባች፤ በመኪና ያደረስኳቸው እኔ ነበርኩ። አልወረድኩም። መኪናው ውስጥ ሂተሩን ከፍቼ ተቀምጬ በሊንዳ ቤት መስኮት አያቸው ነበር። አሁንም ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ሊንዳ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። በሐሰት ያስባልኳቸውን ይቅርታ ሄደው በእውነት አደረጉት፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር።

ሰላም ፈርነሱን እንዳይነኩ ከለከለቻቸው። እውነቷን ነው፤ የነገርኳትን ነው ያመነችው። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ቀኑን ሙሉ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ጭሱን ያያሉ። ቤቱ ሞቀ አልሞቀ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። «ልጄ» ይሉኝ የነበሩት ሰውም «አቶ ዳንኤል» ይሉኝ ጀመር። በትሕትና፣ ሳይቆጡ፣ በገዛ ቤቴ፣ ከገበታ ላይ «አቶ ዳንኤል፣ ጨው ቢያቀብሉኝ።» ሰላም እየቀለዱ መስሏት ትስቅ ነበር። እስከ በጋ ሊቆዩ መጥተው ከፋሲካ በፊት ቤቴ ናፈቀኝ ብለው ተመለሱ።

ባለፈው ዓመት ደሴ ውስጥ አረፉ። ለቅሶው እኛ ቤት ነበር፤ ከካልጋሪም፣ ከጎረቤት ከተማ ከኦኮቶክስም ሰው መጣ። ለቅሶው ጋብ ሲል፣ ሰው ስለ ሟች ደግ ደጉን ማውራት ሲጀምር፣ ሰላም እንባዋን እየጠረገች ያንን አወራች። «አባዬ እኮ እዚህ መጥተው መርዝ እንጨት ሲማግዱ የካውንቲ ሰው መጣብን፣ እሳቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው አስለቀቁን» አለች። ቤቱ ሙሉ ሳቀ፤ በፍቅር ነው የሳቁት። እኔም ሳቅኩ። የሳቄ ድምፅ ለራሴ ጆሮ ደረሰ፣ ግን አላቆምኩም።

ብርዱ ነው ልል እችል ነበር። ጭንቀት ነው፣ ትዳሬን ላድን ብዬ ነው፣ እሳቸውም ተቀብለውታል ልል እችል ነበር። አልልም። እሳቸው የተቀበሉት እኔ ዝም ስላልኩ ነው። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው ያን ቀን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ጠብቆኛል፤ እኔ ክር እየፈታሁ አሳለፍኩት። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ይቅር በለኝ አልልህም።

ልጃችን ማኅሌት አያቷን በአካል አታውቃቸውም፤ እሳቸው ከተመለሱ በኋላ ነው የተወለደችው። ከእሳቸው ያላት በለቅሶው የሰማችው ያ ታሪክ ብቻ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከኋላ ወንበር ጠየቀችኝ፤ «ዳዲ፣ ያ ባድ እንጨት... ላይክ፣ ሳይጠይቅ በርን ያደረገው... ያቃጠለው አያቴ ነው አይደል?» ሰላም ከጎኔ እንቅልፍ ወስዷታል። መንገዱ ባዶ ነው፣ የሚቸኩል ሰው የለም፣ የሚጠይቀኝ የካውንቲ ሰው የለም። «አዎ» አልኳት።

ይህን ያልኳት ባለፈው እሑድ ነው።