ለማዕረግ የተጫነው ፈረስ

የአንድ ሰው ኑሮ ተጨምቆ ሲታይ ምን ያህል ነው? በወጣትነቴ ይህን ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከመምህራኖቼ ጋር ስከራከርበት ኖሬ መልስ ሳላገኝለት ወጣሁ። አሁን ሰውነቴ እየከሳ ሱሪዬ በየዓመቱ ስለሚሰፋኝ፣ ለማስጠበብ ሲያትል ውስጥ ኦቴሎ ሰፈር ወዳለው የማዕረግ ሱቅ ስመላለስ ጥያቄው ተመልሶ ይመጣብኛል። አንዳንድ ኑሮ በውስጡ ካለው ይልቅ ከውስጡ በተወሰደው ይታወቃል መሰለኝ። የማዕረግ እንዲያ ነው።

ማዕረግ ልብስ አስተካካይ ነች። ረጅሙን ታሳጥራለች፣ ሰፊውን ታጠብባለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ሱቋ ከላይት ሬሉ ባቡር ጣቢያ ማዶ፣ ከቬትናሞቹ ዳቦ ቤት አጠገብ ነው። ስገባ መቀሷን ሳታስቀምጥ ከመነጽሯ በላይ ታየኛለች።

«ጋሼ፣ ዘንድሮም ቀነሱ?»

«ሱሪው ነው የጨመረው።»

«እንዲህ ከቀጠሉማ የሚቀጥለውን ከልጆች ክፍል ይግዙት።»

የተወለደችው ሆሳዕና ነው። እናታቸው ሕዝቅኤልን ወልዳ ብዙ ሳትቆይ ስላረፈች፣ ወንድሟን አዝላ ያሳደገችው እሷ ነች። አሜሪካም ያመጣችው እሷው ነች። ሕዝቅኤል ታኮማ ወደብ ላይ ፎርክሊፍት እየነዳ ሚስት አግብቶ ይኖር ነበር፤ ኩላሊቱ እምቢ ሲለው ሥራውን ትቶ ዲያሊሲስ ላይ ዋለ። ማዕረግ ማታ ማታ ሱቋን ስትዘጋ ለእሱ ሳትደውል መብራት አታጠፋም። ወረፋ ስጠብቅ ብዙ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ።

«እ፣ ማሽኑ ዛሬ ምን አለህ?»

«ደምህ ጨው በዝቶበታል፣ የእህትህን ወጥ ተው አለኝ።»

«ውሸታም ማሽን! ጨው የምታበዛው ሚስትህ ናት።»

ከኋላ ሚስቱ ሄዋን ስትጮህ ይሰማል፤ ሦስቱም ይስቃሉ። ማዕረግ ሁለት ልጆች ያሳደገችና ባሏን የቀበረች ሴት ስትሆን፣ ከቀኗ ሁሉ የራሷ የምትለው ያንን የስልክ ሰዓት ብቻ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ የእግረኞች ቡድን ነበረ። ሐኪሞች በስኳርና በግፊት ሲያስፈራሯቸው ቅዳሜ ቅዳሜ በሐይቁ ዳር መናፈሻ ሲዞሩ ቆይተው፣ ቀስ በቀስ ከከተማው ወጣ ብለው ተራራ መውጣት ጀመሩ። የሚመራቸው ጌዴዎን የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ጨዋ፣ ቀልጣፋ፣ ሁሉን ነገር አስቀድሞ የሚያዘጋጅ ሰው። ባለፈው ዓመት፣ መንገድ መሪ ተቀጥሮ በኪርጊስታን ተራሮች ላይ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ በእግር የሚሄዱበትን ጉዞ ያመጣው እሱ ነው። «ስዊዘርላንድን ሁሉም አይቶታል፤ ይሄን ግን አበሻ ረግጦት አያውቅም» ብሎ አሟሟቃቸው። በእኛ ጊዜ፣ በሶቪየት ዘመን፣ ስንቱ ወጣት እዚያ አገር ተምሮ እንደተመለሰ አያውቅም። ብቻ ሰዎቹ ተነሳሱ።

ማዕረግ አልሄድም ብላ ነበር። ያስገደዳት ሕዝቅኤል ነው። ሐኪሞቹም ደኅና ነው ብለዋል።

«ሂጂ እታለም» አላት በስልክ። «እዚህ ተኝቼ እስከ መቼ የዚፕ ወሬ እሰማለሁ? አንዴ እንኳ የሐይቅ ወሬ አምጪልኝ።»

ስለዚህ ሄደች። ለመዝናናት አልነበረም፤ አይታ ልትነግረው ነው።

ከካራኮል ከተማ ተነስተው ሸለቆውን ሽቅብ ያዙት። ድንኳኑንና ስንቁን ፈረሶች ይሸከማሉ፤ ከፊት ኑርላን የሚባል፣ ጢሙ የሸበተ፣ እንግሊዝኛውን ቃል በቃል እየመዘነ የሚያወራ መንገድ መሪ ይሄዳል። ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ከዓለም ጋር የሚያገናኛቸው ጌዴዎን አንገቱ ላይ ያንጠለጠላት የሳተላይት ስልክ ብቻ ነበረች። ድንኳን ተተክሎ ሻይ ሲፈላ ማዕረግ ወደ እሱ ትሄዳለች።

«ጌዲዬ፣ ወሬ አለ?»

«ሁሉ ሰላም፣ እትዬ።»

የመጀመሪያው ቀን እውነቱን ነበር።

በማግስቱ ከበረዶ ግግር ሥር የተኛ አንድ አረንጓዴ ሐይቅ ዳር ሰፈሩ። ማዕረግ ካልሲዋን ልታጥብ ወደ ውኃው ስትወርድ የሄዋን መልእክት ገባ፦ «ሕዝቅኤል አይ ሲ ዩ ገብቷል። እየጠራት ነው። እባካችሁ ድምጿን አሰሙት።» ጌዴዎን ሌሎቹን ከማብሰያው ድንኳን ጀርባ ሰበሰባቸው። እዚያ የተባለውን የነገረችኝ ገንዘብ ነች፤ የማዕረግ ጓደኛና በዚያ ጉዞ አንድ ድንኳን የተጋራቻት ሴት።

«ይነገራታ» አለች ገንዘብ። «ስልኩ እጅህ ላይ አይደል? ስጣትና ታናግረው።»

«ተራራ ላይ?» አሉ ጋሽ እሴይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ። «ግፊት ያለባት ሴት ናት። ብትወድቅ ማን ሊያነሳት ነው?»

«ሶ፣ እኔ የምለው» አለ ጌዴዎን፣ «ነገ የተራራውን በር እንሻገር፣ ጉዞውን በሰላም እንጨርስ። ሲያትል ስንገባ ቤቷ ሄደን፣ ፓስተሩም ባሉበት፣ በወጉ ይነገራታል። ኦኬ?»

«ኧረ ሰውየው አልሞተም!» አለች ገንዘብ።

«ታዲያ ካልሞተ ምን ያስቸኩላል?»

ገንዘብ ይህን ስትነግረኝ፣ «በዚያን ሰዓት ትክክል መሰለን፣ ጋሼ» አለችኝ።

ኑርላን ፊታቸውን አይቶ መጣ፤ ጌዴዎንም ነገረው። ኑርላን ጊዜ አላጠፋም። ከፈረሶቹ ጫኞች አንዱ ጠዋት ወደ ታች ስለሚመለስ እሷን ፈረስ ላይ አስቀምጦ ይወስዳታል፤ እኩለ ቀን ሳይሆን መኪና መንገድ ትደርሳለች፤ እዚያ ስልክ ይሠራል፣ መኪናም አለ። «ፈረሱን አዘጋጃለሁ፤ እናንተ ጠይቋት» ብሎ ሄደ። ጌዴዎን ትንሽ ቆይቶ ተከተለውና፣ «ጠየቅናት፤ ከእናንተ አልለይም፣ እቀጥላለሁ ብላለች» አለው። ገንዘብ በጆሮዋ ሰማች። ለሄዋን ደግሞ «እዚህ ለመደወል የሚሆን ሲግናል የለም» የሚል መልስ ተላከ።

ማዕረግ ካልሲዋን ጨምቃ መጣች።

«ጌዲዬ፣ ወሬ አለ?»

«ሁሉ ሰላም።»

በማግስቱ ከተራራው ወዲያ የሚያሻግረውን በር ሲወጡ፣ አንዱ ሻንጣዋን ተቀበላት፤ ጌዴዎን ወፍራም ጃኬቱን አውልቆ አለበሳት፤ ጋሽ እሴይ ዕረፍት ላይ እንቁላል ልጠው ሰጧት። እሷም ሳቀች። «ምን ነካችሁ ዛሬ? ሙሽራ አስመሰላችሁኝ እኮ!» በሕይወቷ ሌላ ሰው ሻንጣዋን ተሸክሞላት አያውቅም። በሩ ላይ ሲደርሱ ከበታቻቸው ትልቁ ሐይቅ ተዘርግቶ ታየ። ለሕዝቅኤል እንዴት እንደምትነግረው አሰበችና እንደ ሙያዋ ቀለሙን በጨርቅ አጠናችው፤ ዳር ዳሩ የሕፃን ብርድ ልብስ ሰማያዊ፣ መሐሉ የሱፍ ኮት ገበር የመሰለ ጥቁር ሰማያዊ፣ ነፋስ ሲነካው ደግሞ እንደ ሐር የሚገለባበጥ። እንዳይጠፋት ሦስቱን እየደጋገመች ወረደች።

የዚያን ዕለት ማታ ሕዝቅኤል ማረፉ በጌዴዎን ስልክ ተሰማ፤ ከማዕረግ በቀር ሁሉም አወቁ። እንደ ልማዳቸው ሐይቁ ዳር ቆመው ሲጸልዩ ሁሉም አለቀሱ። ጌዴዎን ተንበረከከ። ማዕረግ መንፈስ ቅዱስ የወረደ መሰላት። «እንዲህ ያለ ጸሎት ሲያትል ተጸልዮ አያውቅም!» ብላ እጇን ወደ ሰማይ አንስታ ራሷ መዝሙር አወጣች። አንድም ሰው ሊያስቆማት አልደፈረም። ተቀበሏት። ገንዘብ ብቻ ድንኳን ውስጥ ገብታ ፊቷን ስሊፒንግ ባጓ ውስጥ ቀበረች።

በመጨረሻው ቀን ፍል ውኃ ካለበት ሸለቆ ደረሱ። መኪናው ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ኑርላን እየዞረ ሲሰናበት ማዕረግ ዘንድ ሲደርስ እጇን በሁለት መዳፉ ያዘ።

«ወንድምሽን በልቤ ይዤዋለሁ» አላት በዚያ በተመዘነ እንግሊዝኛው። «ግን ፈረሱን እምቢ ባትዪኝ ጥሩ ነበር።»

«የምን ፈረስ?»

ኑርላን ጌዴዎንን አየ፤ እሷን አየ።

«አረንጓዴው ሐይቅ ዳር፤ ወንድምሽ የጠራሽ ዕለት። ጠዋት ፈረሱን ጭኜ ቆሜ ነበር። ቀደም ብለው አልሄድም ብላለች ስላሉኝ ሐሳብሽን ትለውጪ ይሆናል ብዬ ነው።»

ማዕረግ ቀስ ብላ ዞረች።

«ጌዴዎን፣ ሕዝቅኤል የት ነው?»

ጌዴዎን አንገቱ ላይ ያንጠለጠላትን ስልክ በእጁ ሸፈነ።

«የት ነው አልኩ?»

«አርፏል» አሉ ጋሽ እሴይ ጫማቸውን እያዩ።

ያን ጊዜ ሁሉም ፈቃድ እንዳገኘ ሰው በአንድ ላይ ጮኸው፣ እያለቀሱ፣ ሊደግፏት ሮጡ። እሷ ወደ ኋላ ሸሸች።

«አትንኩኝ! እናንተ ለቅሷችሁን ጨርሳችኋል። ያን ሁሉ ስታለቅሱ እኔ ስዘምር ነበር!»

የጌዴዎንን ጃኬት አወለቀችና ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ብርድ ነበር። እስከ መኪናው ድረስ ከኑርላን ጎን ሄደች፤ መኪናው ውስጥም ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሲያትል እስክትገባ ከወገኖቿ ጋር አልተነጋገረችም።

ቀብሩ እሷን ጠብቆ ነበር። ታኮማ ስትደርስ ሄዋን ሳትስማት ነው የተቀበለቻት። «ሁለት ቀን ሙሉ ስልኩን ከእጁ ሊያስለቅቁት አልቻሉም» አለቻት። «በጮኸ ቁጥር አንቺ እየመሰልሽው።» ማዕረግ የሆነውን ስትነግራት ነው ሄዋን አንገቷ ላይ የተጠመጠመችው፤ ያን ዕለት ከልብ ያለቀሱት ሁለቱ ብቻ ነበሩ ይላል እዚያ የነበረ ሰው።

ስለ መርዶ ወጋችን ብዙ አስቤያለሁ፤ አልቀልድበትም። ወላጆቻችን መርዶ በመንገድ ላይ አይወረወርም፣ ሰው ሞትን ብቻውን አይጋፈጠውም ብለው ነው ማልደው፣ ወዳጅ ሰብስበው፣ ሟርት እንደሚፈራ ሰው በሹክሹክታ ደጅ የሚያንኳኩት። ከዚህ የበለጠ ርኅራኄ በየትኛውም የፍልስፍና መጽሐፍ አላነበብሁም። ነገር ግን ወጉ የተሠራው ለሞተ ሰው ነው። የሞተ መጠበቅ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚችለውም እሱን ብቻ ነው። እነዚህ ግን በሕይወት ያለን ሰው እንደ መርዶ ደበቁት፤ እየተጣራ ያለውን ሰው ድምፅ ቀበሩት። ደግሞ አንድ ሐሳብ ይመጣብኛል፤ ሐጢአት ከሆነብኝም ይሁንብኝ። ፈረሱ ቢሄድ ጉዞው ይበላሽ ነበር፤ አንድ ሰው አብሯት መውረድ ነበረበት። ትልቁን ሐይቅ ማየት ፈልገው ነበር። ገንዘብን በቀጥታ ጠየቅኋት። «እሱም አለበት» አለችኝ።

ማዕረግ ሥራዋን አልተወችም። አንድ ቀን ሱሪዬን ስትለካ፣ አፏ ውስጥ የያዘችውን መርፌ አውጥታ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ለአንቺ ብለን ነው ይሉኛል። ለእኔ ተብሎ የተደረገ ነገር እንዴት ለእነሱ ብቻ ቀለለ?»

ያን ሁሉ ዘመን ያነበብሁት አልረዳኝም። እንድትለካው እግሬን አስተካከልሁላት።

ከጥቂት ወራት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እርቅ ጠሩ። እኔ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆንሁ አልነበርሁም፤ የነገረችኝ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ የነበረችው ልጇ ሩሐማ ነች፣ በግማሽ አማርኛና በግማሽ እንግሊዝኛ። ተጓዦቹ ሁሉ ተሰብስበዋል። ጌዴዎን ተነስቶ፣ «እትዬ፣ ካስቀየምኩሽ ይቅርታ። ለአንቺ ብለን ነው» አለ። ፓስተሩም ይቅር እንድትል ለመኗት።

«ይቅር ብያለሁ» አለች ማዕረግ። «አንድ ልመና ግን አለኝ። ሩሐማ በየማለዳው ኤቨረት ከተማ ድረስ እየነዳች ሥራ ትሄዳለች። ፋኑኤል ሩቅ ኮሌጅ ነው። አያድርገውና ልጆቼ አንድ ነገር ቢሆኑ፣ የትም ልሁን የትም፣ ብቻዬንም ብሆን፣ የመኪና መሪ ይዤም ቢሆን፣ በሰማችሁባት ደቂቃ ደውላችሁ ንገሩኝ። እወድቅ እንደሆነ ልውደቅ። እሺ የሚለኝ እጁን ያንሳ።»

«እግዚአብሔር ክፉውን ሁሉ ያርቅልሽ» አሉ ጋሽ እሴይ።

«አሜን» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ።

«አሜኑን ሰምቻለሁ» አለች። «እኔ የጠየቅኋችሁ እጅ ነው።»

ጠበቀች። የገንዘብ እጅ ከጭኗ ላይ ትንሽ ተነሳ፤ ሻርፗን አስተካከለና ወደ ቦታው ተመለሰ። ሌላ የተንቀሳቀሰ እጅ አልነበረም።