ያልማለው ወንድሜ

አባቴ ሞቶ ሣልስቱ ሳይወጣ ነው ወንድሜን መጠርጠር የጀመርኩት። ወንድሜ የአባቴ የመጀመሪያ ሚስት ልጅ ነው፤ ብዙ ዓመት ይበልጠኛል፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ገጠር ያርሳል። እኔ ፍኖተ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ደርግ ወድቆ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። አባቴ ቡሬ ከተማ ላይ አንድ ቤት ትቶ ነበር፤ እናቴ የምትኖረው እዚያ ነው፣ ሌላ መጠጊያ የላትም። የውርሱ አጣሪ ክፉ ሰው ከሆነ እናቴ ሜዳ ላይ ቀረች ማለት ነው።

ታዲያ ወንድሜ ምን አደረገ? ለቀስተኛው ገና ድንኳኑ ውስጥ እያለ ጓዳ ገባና የቤቱን ካርታ በላስቲክ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ለምን ብዬ ብጠይቀው ይቀመጥ ብሎኝ አለፈ። ድሮም ከአፉ ቃል የሚወጣው በመከራ ነው። አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ፣ እሳቸውም አይተው ኖሮ ቀስ ብለው ጎኔ ተቀመጡ። እናትሽ እኮ ለእሱ እናቱ አይደለችም፣ ነቃ በይ ልጄ አሉኝ። መቼ ተኝቼ!

በአርባው ማግስት ዘመድ አጣሪ ሊመርጥ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ተሰበሰበ። የተመረጠው ሰው ነው ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚጸድቅለት። ሽማግሌዎቹ በታላቅነቱ ወደ ወንድሜ ሲያዘነብሉ ደሜ ፈላ። ተነሥቼ የደበቀው ነገር ከሌለ ወንጌል ይዞ ይማል አልኩ። በእኛ አገር የተጠረጠረ ሰው ከመሐላ ከሸሸ አለቀለት፤ ሌላ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም።

ቄሱ ወንጌሉን አመጡ። ወንድሜ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ።

«እኔ አልምልም» አለ።

ምክንያቱን ቢጠይቁት ዝም። ቢለምኑት ዝም። ካርታውን ከብብቱ አውጥቶ ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጠና ወጣ። ያዝኩህ አልኩ በልቤ። አጎቴ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ወንጌሉን ሦስት ጊዜ ተሳልመው ማሉ። ማመልከቻውን በታይፕ የመታሁት ራሴ ነኝ። ሐቀኛ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላቸው፣ ለአጣሪነት የሚበቁ ሰው መሆናቸውን በሦስት ምስክር አስረዳን፤ ዳኛው አጸደቁላቸው።

ዓመት አልሞላም። አጎቴ ለሙት ዓመቱ ድግስ ፈቃድ ነው ብለው፣ ማንበብ የማትችለዋን እናቴን አንድ ወረቀት ላይ በጣት አሻራዋ አስፈርመዋት ኖሯል። አንድ ቀን የማናውቀው ነጋዴ ቤቱን ገዝቻለሁ፣ ልረከብ አለ። ተከራከርን፤ የሽያጭ ወረቀቱ እንከን የለውም ተባልን። እኔ አንዲት ክፍል ከሁለት ሴቶች ጋር ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ወንድሜ አህያ ነድቶ መጣ፣ የእናቴን ዕቃ ጫነና ወደ ቤቱ ወሰዳት።

ልጠይቃት ስሄድ ሞፈር እየጠረበ አገኘሁት። እንኳን ያኔ ጥርጣሬዬ አልለቀቀኝም፤ እናቴን ያስጠጋት የሆነ ነገር ፈልጎ ነው እያልኩ አስብ ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያኔ ለምን እንዳልማለ ጠየቅኩት። ያን ቀን ተናገረ። ጎረምሳ ሳለ አባታችን በዚያ በቡሬው ቦታ ከጎረቤት ጋር ሲሟገት ማልልኝ ብሎት በሐሰት ምሎለታል። ቦታው የእኛ የሆነው በዚያ መሐላ ነው። የንስሐ አባቱ ይህን ሲሰሙ ከእንግዲህ ለእውነትም ቢሆን ወንጌል ይዞ እንዳይምል ገዘቱት። ምክንያቱን በሽማግሌ ፊት ቢያወጣው የአባታችን ስም ገና አፈሩ ሳይደርቅ ይዋረዳል፣ እናቴም በቤቱ ሰላም አታገኝም።

እንባዬ መጣ። በራሴ አፈርኩ፣ ተናደድኩም፤ በእሱም ጭምር።

«ጋሼ፣ ለእኔ እንኳ ለብቻዬ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

መጥረቢያውን አስቀምጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

ልዋሸው ፈልጌ አቃተኝ።

«አላምንህም ነበር» አልኩት።