አባቴ ዝናብ አሰረ የተባለበት ክረምት

ደሴ ባለው ቤቴ ቆርቆሮ ላይ በረዶ መውረድ ሲጀምር፣ እስከ ዛሬ ጆሮዬ የአባቴን ድምፅ ይፈልጋል። በልጅነቴ፣ መካነ ሰላም አጠገብ ባለችው መንደራችን፣ ክረምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠቁር አባቴ መቋሚያውንና የጸሎት መጽሐፉን ይዞ ወደ እርሻው ዳር ይወጣና፣ ደመናው ወደ ገደሉ እስኪያልፍ ድረስ ጮክ ብሎ ይደግም ነበር። መሪጌታ ነበር፤ የአገሩ ሰው ግን ከዜማው ይልቅ በበረዶ መላሽነቱ ያከብረው ነበር። ሰብል ሲሰበሰብ ገበሬው ሁሉ ከአውድማው «የበረዶ» ብሎ ገብስና ስንዴ እየሰፈረ ይልክልን ስለነበር፣ በሬ ሳይኖረን ጠግበን እናድር ነበር። እኔም ብቸኛ ልጁ ነኝና ደመናው አባቴን የሚፈራ ይመስለኝ ነበር፤ ኩራቴ አይጣል ነው።

ከዚያ አንድ ዓመት በልጉ ቀረ። ሰዉ «ክረምቱ ይክሰናል» ብሎ የተረፈውን ዘር ለሐምሌ አቆየ። ክረምቱም በስሙ ብቻ ገባ፤ ደመናው በወግዲ በኩል እየመጣ በላያችን ያልፍና፣ ማሳው በነሐሴ አቧራ ይጤስበት ጀመር። ካህናቱ ምሕላ ያዙ፣ ሙስሊሞቹም ዱአ አደረጉ። ቀጥሎ ወሬው ተነሣ፤ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አይደል? በረዶ የሚመልስ ሰው ዝናብ ማሰር አያቅተውም ተባለ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎች ደጃችን መጡ። ትልቁ ሽማግሌ የጋቢውን ጫፍ እያሻሸ፣ አባቴን ቀና ብሎ ሳያይ፣ «የኔታ፣ ያስቀየምነዎት ነገር ካለ እንካስ። አስረውት እንደሆነ ይፍቱልን» አለው።

አባቴ «አላሰርኩም» ማለት ይችል ነበር። ግን ዝናብ በእጄ አይደለም ካለ፣ በረዶውንስ መቼ መለስክ ሊባል ነው፤ ያ ሁሉ ዘመን የበላነው እህል ሐሰት ሊሆን ነው። ስለዚህ «እንግዲህ እጸልያለሁ» አላቸው። ያቺ ቃል ናት የፈረደችብን፤ ሽማግሌዎቹ አመነ ብለው ሄዱ።

በየማለዳው ማሳው ዳር ቆሞ ይደግም ጀመር፣ ሰማዩ ግን ጠርቶ ይውላል። ከዚያ ወዲያ ደጃችንን የሚረግጥ ጠፋ። እናቴ ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጡ ነበርና፣ ሁሉም ቀድቶ እስኪሄድ ጠብቀን በቀትር እንወርድ ጀመር። እኩዮቼ ሲያዩኝ ጨዋታቸውን ይዘው ወደ ሌላ ደጅ ይሄዱ ነበር። ሰው መሃል እየኖሩ ሰው ማጣትን ያኔ አወቅኩት፤ ከረሃቡ ይልቅ የሚበላኝ እሱ ነበር። የሚጠይቁን ጎረቤታችን ሸህ ከድር ብቻ ነበሩ፤ ከአጥሩ ማዶ ሆነው «አብሽሩ የኔታ፣ ዝናብ የአላህ ነው» ይሉት ነበር። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ይሰማቸዋል።

ኅዳር ሲመጣ አውድማ የለቀለቀ ሰው አልነበረም። ሰዉ ልጁን አዝሎ ወደ ደሴ መንገድ ይጎርፍ ነበር። አባቴ የድርሻውን ቆሎ ወደ እኔ እየገፋ «ጾም ነኝ» ይለኝ ነበር፣ የጾሙንም ፍቺ ሳያይ ወደቀ። ሊሞት ሲል እጄን ይዞ፣ «እንጃ ልጄ፤ ሳላውቀው አስሬው ይሆን?» አለኝ። የቀበሩት ሸህ ከድርና ልጆቻቸው፣ ከአንድ ቄስ ጋር ሆነው ነው።

አብዮቱ መጥቶ የዘመቻ ተማሪዎች መንደራችን ሲደርሱ፣ ሕዝቡን ሰብስበው ረሃቡን ያመጣው የባላባት ሥርዓት ነው አሉ፣ ሰዉም አጨበጨበ። እናቴ ወደ ቤት ስንመለስ «የኛስ ሰውዬ?» አለችኝ። ስለ እሱ ያነሣ አልነበረም።

ካረጀሁ በኋላ ነው፣ ጂኦግራፊ የሚያስተምረው ልጄ ነገሩን ያስረዳኝ። ከዓለም ማዶ ያለ ውቅያኖስ ፊቱ ከልኩ በላይ ሲሞቅ የነፋሱ አካሄድ ይዛባል፣ ለኛ ዝናብ የሚያመጣውም ነፋስ ይደክምና ክረምቱ ይሳሳል። ያ ዓመትም እንዲያ ነበር አለኝ።

ዛሬ አገሬ ስሄድ፣ ዝናብ ሲዘገይ ሰዉ ሬዲዮ ይከፍትና «ባሕሩ ሞቋል አሉ» ይባባላል። ዝናቡ አሁንም ይቀራል፤ ግን በዚህ ሰበብ የማንም ልጅ ብቻዋን ውኃ አትቀዳም። ደስ ይለኛል፣ ደግሞም ያንገበግበኛል። አባቴ ባሕር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አሁን «አንተ አይደለህም አባባ» ማለት እችላለሁ፤ የጠየቀኝ ግን እሱ የለም።